ሁለቱም የሰረዙት ሰዓት

አዲስ ሰልጣኞች ሲመጡልኝ የመጀመሪያ ትእዛዜ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "የጻፋችሁትን በሙሉ አጥፉት።"

ያጉረመርማሉ። ጠዋቱን ሙሉ ፊደል በፊደል እየለቀሙ የጻፉት ኮድ ነው። አንዱ "ሁሉንም ነው ቲቸር?" ይላል፣ ስቄ የምተወው መስሎት። "ሁሉንም። ምነው፣ እኔ ላጥፋልህ?" እለዋለሁ። ባለፈው ዙር አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዐይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው ያጠፋችው። ሁሉም ባዶ ገጽ ታቅፈው ሲቀመጡ አንዲት መስመር አስጽፋቸዋለሁ። ያጠፉት ሁሉ ከነነጥቡ ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ ሥራ የምወዳት ቅጽበት እሷ ናት፤ የቀረው ልፋት ነው።

የማስተምረው ጊት የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ስትሠራ ቆይተህ "እዚህ ላይ ያዝልኝ" ባልኸው ቁጥር ሥራህ በዚያች ሰዓት የነበረውን መልክ ያስቀምጥልሃል። ዛሬ ብታበላሸው ወደ ትናንቱ ትመለሳለህ። ብዙ ሰው በአንድ ሥራ ላይ ሲጽፍ ደግሞ የእያንዳንዱን ለውጥ ሰብስቦ አንድ ያደርገዋል፤ ማን ምን ጨመረ፣ ማን ምን አነሳ፣ ከነስሙ ይይዘዋል። ከዚህ በላይ የሚያወሳስብባችሁ አሰልጣኝ ካገኛችሁ ለራሱም አልገባውም ማለት ነው፤ ትታችሁት ሂዱ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው። ትውልዴ ዱርቤቴ አጠገብ ነው። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲገቡ ለእርሻው አንድ ሰው መቅረት ነበረበት፤ እኔ ቀረሁ። የጠየቀኝ ሰው የለም። ኋላ ባሕር ዳር ገብቼ ዘጌ በሚመላለስ ጀልባ ላይ ገመድ ሳቢ ሆንሁ። እዚያ ወረቀት በመጣ ቁጥር አንባቢ ፍለጋ ነበር። "ይሄ ምን ይላል ጌታዬ?" እላለሁ፤ ያነብልኛል፤ እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ። ሰውየው አንድ መስመር ቢዘልስ? ከራሱ ቢጨምርስ? የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። በገዛ ጉዳይህ እንግዳ መሆን እንዴት እንደሚያንገበግብ ከልጅነቱ ሲያነብ የኖረ ሰው አይገባውም፤ አስረዳለሁ ብዬም አልደክምም።

እዚያው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ በጎልማሶች ትምህርት፣ ለልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበቴን እስከ አገጬ አጥፌ ተማርሁ። ከዚያ አላቆምሁም። ይህን የሰማ ሁሉ "ጎበዝ! ለትምህርት እኮ አይረፍድም" ይለኛል። ይረፍዳል። እኔ ረፍዶብኝ ነው የተማርሁት። ያለፈውን ጊዜ የሚመልስ ትእዛዝ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አላየሁም። ስለዚህ ከክፍሌ አንድ ሰው በሌላ ሰው ፈቃድ ሲቀር ማየት አልችልም። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ያመኛል።

ዐይኗን ጨፍና ያጠፋችው ልጅ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የወረታ ልጅ ናት። አባቷ ወረታና ባሕር ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከፍታ፣ ለወንድሟ አስረክባ፣ እየሮጠች ነበር የምትመጣው። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ዘግየት አለችና፣

"መምህር፣ ሁለተኛው ዙር ላይ እኔን አይቁጠሩኝ" አለችኝ።

"ለምን?"

"አባቴ በመዝጊያው ቀን እመጣለሁ ብለዋል። 'በእጅሽ የሠራሽው ነገር ሲሠራ ካየሁ ትቀጥያለሽ፤ ካላየሁ ሱቁ ሰው ይፈልጋል' ነው ያሉኝ።"

"ታዲያ አሳዪያቸው ነዋ።"

"'የጓደኛሽን ሥራ የኔ ነው ብለሽ እንዳታሳዪኝ፤ ጨርቅ ሳገላብጥ ነው ያረጀሁት' ብለዋል።"

"ደግ አሉ" አልኋት። "አንቺም የራስሽን አሳዪ።"

የክፍሉ ሥራ የዘጌ ጀልባዎች መነሻ ሰዓት የሚታይበት ገጽ ነበር። የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ጀልባዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ጥበቃውንም አውቀዋለሁ። ኔትወርክ ባሕር ዳር አንድ ቀን ይኖራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ግድ የለኝም። የእኔን ላፕቶፕ መሃል አስቀምጬ ሁሉም ሥራውን ወደ እሱ እንዲልክ፣ ከእሱም የሌላውን እንዲወስድ አደርጋለሁ። ጊት ለዚህ ኢንተርኔት አይለምንም።

ከልጅቱ ጋር በአንድ ቡድን የመደብኋቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከሐይቁ አድባራት ባንዱ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ አባታቸውም የቅኔ መምህር የነበሩ። ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። የመጡ ዕለት ጥምጥማቸውን አስተካክለው ፊተኛው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጠየቅኋቸው።

"የኔታ፣ እርስዎን ደግሞ ምን አመጣዎት?"

"ተማሪዎቼ ስልክ ላይ ሲያፈጡ ይውላሉ። የሚያዩትን ባላውቅ በምን እቆጣቸዋለሁ?"

"ሲያውቁት እኔንም እንዳይቆጡኝ።"

"አንተንማ ማን ደፍሮህ! ፊትህ እንደ ኮሶ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነት ነዋ።

የኔታ ፈጣን ነበሩ። ችግሩ እሳቸው አልነበሩም፤ ችግሩ እኛ ነን። ሁለት ሰው አንዲትን መስመር በተለያየ መንገድ ሲጽፋት ጊት አያደላም። ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ "ሁለታችሁ አልተስማማችሁም፤ የማንን ላስቀር?" ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የእኛ አገር ሰው አይችለውም። ልጅ ከሆነ ዐይኑን ሳያሽ የአዋቂውን ያስቀራል፤ የአዋቂው መስመር ገጹን ቢሰብረውም ያስቀራል። "ለምን የራስህን ጣልህ?" ስለው "እንዴ ቲቸር፣ የየኔታን ልሰርዝ?" ይለኛል። ልክ የሆነው መስመር ይሞታል፣ ጨዋነት ይተርፋል። በየዙሩ እናገራለሁ፦ ኮድ ውስጥ ዕድሜ የለም፣ ጥምጥም የለም፣ ሐጂ የለም፣ መምህርም የለም። ይሰሙኛል፤ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ዞር ስል ያንኑ ያደርጋሉ።

የገጹ ከባድ ነገር ሰዓቱ ነበር። እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፣ እንግዳው ከእኩለ ሌሊት። ጀልባው ሁለት ሰዓት ይነሳል ሲባል እንግዳው ከምሳ በኋላ ይመጣና ሐይቁን ሲያይ ይውላል፤ ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ የእኛን ሰዓት ወደ እነሱ የሚቀይር ስሌት ያስፈልግ ነበር። የኔታ "ስድስት ደምሩበት፣ አለቀ" ብለው ከፋይሉ ራስጌ ላይ ጻፉ። ለቀኑ ትክክል ነው። ነገር ግን በክብረ በዓል ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ዘጌ የሚነሳ ጀልባ አለ። አስራ አንድ ላይ ስድስት ደምሩበት፤ አስራ ሰባት ይሆናል፤ በእንግዳው አቆጣጠር ይህ ማምሻ ነው። ልጅቱ ከፋይሉ ግርጌ ሌላ ስሌት ጻፈች። የሷ መጀመሪያ "ሌሊት ነው ወይስ ቀን?" ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ለቀኑ ይደምራል፣ ለሌሊቱ ይቀንሳል።

ሁለቱም ስሌቶች ገጹ ውስጥ ገቡ። አብረው ሲሠሩ ሰዓቱ ሁለት ጊዜ እየተቀየረ ዘባረቀ። ከመዝጊያው በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ይህን አየሁና እንደ ልማዴ አፌን አልያዝሁም።

"የኔታ፣ በእርስዎ ስሌት ዘጌ የሚደርሱት እኮ ማኅሌቱ ካለቀ፣ ጠበሉ ከተጠጣ፣ ሰዉም ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። የኔታም ሳቁ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ እኔን ክፉኛ አየችኝ። ምክንያቱን ያን ጊዜ አላጤንሁትም።

"ተነጋገሩና አንዱን አንሱ" ብያቸው ወጣሁ።

ተነጋገሩ ብዬ ነበር። በማግሥቱ እንደታየው አልተነጋገሩም።

በመዝጊያው ጠዋት ወንበር ስደረድር፣ ገመድ ስቀጥል፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። የኔታ በማለዳ መጥተው ከቤት የሠሩትን ላፕቶፔ ላይ ልከው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ልጅቱ ቆይታ መጣች፤ የሳቸውን ወሰደች፣ ከራሷ ጋር አጋጠመች፣ መልሳ ላከች። ጊት አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም። ጥያቄ ካልጠየቀ ሰላም ነው ብላ ስክሪኑን ዘጋች፤ እንግዶች መግባት ጀምረው ነበርና።

ሐጂና የኔታ በሩ ላይ ተገናኙ። አንዱ ከሻይ ቤት፣ አንዱ ከመኪና።

"እንደምን አደሩ የኔታ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ሐጂ፣ ቤተሰብ?"

"አልሐምዱሊላህ። ይግቡ እንጂ።"

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።"

"በፍጹም! እርስዎ እያሉ?"

"እንግዳ እኮ ነዎት፤ በሞቴ!"

ሁለቱም እጃቸውን ወደ ውስጥ ዘርግተው ቆሙ። ከኋላቸው ሰው ተሰለፈ። ከሰልጣኞቼ አንዱ፣ ምላሱ የማያርፍ የከተማ ልጅ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ቲቸር፣ እዚህ በር ላይ ጊት ያስፈልጋል" አለኝ። በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገቡ፤ ትከሻቸው በሩን አጣቦት።

የልጅቱ ተራ ደረሰ። ሐጂ ከፊት ተቀምጠው ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ልጅቱ ገጹን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከፈተችው። የዘጌ ስም አለ፣ የጀልባዎቹ ስም አለ፣ የሐይቁ ሥዕል አለ። ሰዓት የለም። ሰዓት ሊሆንበት የሚገባው ቦታ ሁሉ ባዶ ነው።

እንደገና ከፈተችው። ባዶ ነው። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ።

"ይሄ ነው?" አሉ ሐጂ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ጀልባው መቼ ነው የሚሄደው?"

እኔ አልደነገጥሁም። የሚጠፋ ነገር ቢኖር ኖሮ በዚህ ሥራ ላይ አልገኝም ነበር። ቀረብ ብዬ የለውጦቹን ታሪክ ግድግዳው ላይ አወጣሁት፤ ሁሉም ያንብብ ብዬ። ከላይ ያለው የልጅቱ ነው፤ የራሷን ስሌት አንስታ "ይቅርታ የኔታ" ብላ ጽፋበታለች። ከሥሩ ያለው የየኔታ ነው፤ የራሳቸውን አንስተው "ለልጅቱ ትቻለሁ" ብለው ጽፈውበታል። እሷ ትናንት በሰው ፊት ያሳፈርኋቸው በሷ ምክንያት መስሏት ክብራቸውን ልትመልስ ሰርዛለች። እሳቸው ስህተታቸው ገብቷቸው ቦታውን ሊለቁላት ሰርዘዋል። አንዱ ከፋይሉ ራስጌ፣ አንዱ ከግርጌ፤ ስላልተነካኩ ጊት ምን ብሎ ይጠይቅ? ሁለቱንም ስረዛ በሰላም አጋጥሞ አስቀመጠ። በሩ ላይ ያየነውን ነው ፋይሉ ውስጥ የደገሙት፤ ልዩነቱ እዚህ ሁለቱም ሳይገቡ መቅረታቸው ነው።

"አያችሁ?" አልሁ ለሰዉ ሁሉ። "እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ጀልባው ጥሏቸው ሄደ።"

ሳቅ ሆነ። ሐጂ አልሳቁም። እሳቸው ሊያዩ የመጡት ሌላ ነገር ነው።

"መልሺው" አልኋት።

"የትኛውን?"

"ልክ የሆነውን።"

የኔታን አየች። አባቷን አየች። ከዚያ ድምፅዋን እስኪጠፋ ዝቅ አድርጋ፣ "የየኔታን ልመልስ?" አለች።

አንድ ፊደል ስትነካ የአንድ ዓመት ኑሮዋ የሚወሰንበት ሰዓት ላይ ቆማ እንኳ በሩን ለሌላ ትከፍታለች። ሁለት መስመር ርቀት ላይ የራሷ ሥራ አለ፤ እሷ የሰው ሥራ ልታሳይና ሱቅ ልትገባ ነው። እጄን ዘርግቼ እኔው ልመልሰው እችል ነበር፤ ለዐይን ጥቅሻ አይሞላም። ያን ባደርግ ግን ሐጂ የሚያዩት የእኔን እጅ ነው።

"አባትሽ የየኔታን ሥራ ሊያዩ ከወረታ አልመጡም" አልኋት።

እሷ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ወደ የኔታ ዞረች።

"የኔታ፣ የእርስዎ ስሌት ሌሊት ላይ ይሳሳታል" አለች። "የኔ አይሳሳትም።"

በሰው ፊት፣ ለሽማግሌ፣ እንዲያ ስትናገር የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

"ይበል!" አሉ የኔታ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ።

ቅኔ ቤት የዋለ ያውቀዋል፤ ተማሪ የሰመረ ቅኔ ሲያቀርብ የሚባል ነው። የኔታ በዚያ አላበቁም። "ምን ታፈጣላችሁ?" አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። "ተማሪ መምህሩን ካላረመው ማን ሊያርመው ነው፣ መላእክት? ደግሞስ ማኅሌት የሚያመልጠኝ እኔ! መልሺ ልጄ፣ ጀልባዬን መልሺልኝ።"

ጻፈች። ሰዓቶቹ ግድግዳው ላይ ቦግ አሉ፤ የጠዋቱ፣ የከሰዓቱ፣ የክብረ በዓሉም የሌሊት ጀልባ። ሰው አጨበጨበ። ሐጂ እጃቸውን አነሱ፤ ጭብጨባው ቆመ።

"አጥፊው" አሏት።

"ምኑን አባባ?"

"ሁሉንም። አጥፊውና ደግመሽ መልሺው።"

የኔን የመጀመሪያ ቀን ትእዛዝ ማንም አልነገራቸውም። ጨርቅ ሲገዙ እንደዚያው ናቸው አሉ፤ በሁለት እጃቸው ወጥረው ካልሳቡት አይገዙም። ልጅቱ ሙሉውን ፋይል አጠፋች። በዚህ ጊዜ ዐይኗን አልጨፈነችም፤ አባቷን እያየች ነው ያጠፋችው። ግድግዳው ነጭ ሆነ። አንዲት መስመር ጻፈች፤ ጀልባዎቹ ከነሰዓታቸው ተመለሱ። ሐጂ ተነስተው ግድግዳው ድረስ ሄዱና በምርኩዛቸው ጫፍ የሌሊቱን ጀልባ ሰዓት ነኩት፤ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ የሚፈትኑ ይመስል።

"ይሄ ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጠዋት ጠዋት ትማር መምህር። ከሰዓት ሱቅ።"

"ሁለተኛው ዙር ሙሉ ቀን ነው ሐጂ።"

"ሱቄም ሙሉ ቀን ነው።"

"ቅዳሜን ይጨምሩልኝ።"

"ቅዳሜ ገበያ ነው!"

"ለዚያ ነው የለመንሁት። ቀላሉን ቀን ማንም ይሰጠኛል።"

"እስከ ምሳ" አሉ።

"ሲሸጡም እንዲህ ነዎት?"

"ስገዛ እብሳለሁ" ብለው ከየኔታ ጋር ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ እንደገና ቆሙ። "እርስዎ ይቅደሙ።" "ኧረ በጭራሽ!" እኔ ወንበር መሰብሰቤን ቀጠልሁ፤ የነሱ በር የእኔ ሥራ አይደለም።

ግማሽ ቀን አልወደድሁትም። ዛሬም አልወደውም፤ ግማሽ የሚሰጥ ሰው ሙሉውን በእጁ ይዟል ማለት ነው። ግን እውነቱን ልናገር፤ በእኔ ጊዜ ለግማሽ ቀን ቆሞ የተከራከረልኝ ሰው አልነበረም። እሷ ደግሞ ያገኘችው በእኔ ክርክር አይደለም፤ እኔ ቅዳሜን ብቻ ነው ያስጨመርሁት። ጠዋቶቹን ያመጣችው "የኔ አይሳሳትም" ያለች ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። የኔታም መጡ፤ ተማሪዎቻቸውን ለመቆጣት ገና ብዙ የሚቀራቸው ነገር አለ አሉ። ገጹ ላይ አሁን ከዘጌ የመመለሻውን ሰዓት እየጨመሩ ነበር። አንድ ጠዋት ከክፍሉ ቀድሜ ገብቼ የለውጦቹን ታሪክ ስከፍት ከላይ የልጅቱን አየሁ። "የየኔታ የመመለሻ ሰዓት ልክ አይደለም፤ አስተካክያለሁ" ይላል። ሌላ ቃል የለበትም።

የኔታ ገቡ፤ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ከትከሻዬ በላይ አነበቡ።

"ይቅርታ እንኳ አላለችም" አሉ።

"አላለችም።"

"ልክ ናት?"

"ልክ ናት።"

ከዚያ ወንበራቸውን ሳቡ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት።

"በል እንግዲህ የሷን ክፈትልኝ" አሉ፤ የልጅቱን ስህተት ፍለጋ ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ።